መርዶ በጃፓንኛ

የብርቄን ሞት የሰማሁት በአንድ መስመር ነው። እስራኤል አገር፣ ቤኤር ቱቪያ፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ተሸክሜ ሳለ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ካርቶኑን አስቀምጬ አየሁት። መልእክቱ የመጣው ድሮ ከሠራሁበት ከገዴራው የአረጋውያን መኖሪያ ነው፤ ሥራውን ስለቅ ከሠራተኞቹ የዋትሳፕ ቡድን ያወጣኝ ሰው አልነበረም። በዕብራይስጥ እንዲህ ይላል፦ «ብርቄ ትናንት አርፋለች። የነገ ጠዋት ፈረቃዋን ማን ይይዛል?» ከሥሩ አንዲት ልጅ ወደ ላይ የቀና የአውራ ጣት ምስል ልካለች። እኔ እይዘዋለሁ ማለቷ ነው።

የኛ ሰው ሞት እንዲህ አይሰማም። ዘመድ ይሰበሰባል፤ ማን እንደሚናገር ይመከራል፤ ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል። በሩን የከፈተው ሰው ያን ሁሉ ሕዝብ ደጁ ላይ ቆሞ ሲያይ፣ ማንም አፉን ሳይከፍት ግማሹን ይረዳል። የቀረውን ደግሞ የያዙት እጆች ይነግሩታል። ለኔ ግን «አርፋለች» ከሚለው ቃል «ፈረቃ» እስከሚለው ድረስ የተሰጠኝ አንዲት ነጥብ ብቻ ነበረች።

«ያላ፣ ምን ቆመሻል?» አለኝ የመጋዘኑ ኃላፊ።

ካርቶኑን አነሣሁት። የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝና እዚያው መለስሁት። ዕንባ አልመጣልኝም። ቀድሞ የመጣልኝ ጥያቄ ነው፤ ፉሚኮን ማን ይነግራታል?

ፉሚኮ ማን እንደሆነች ለመናገር ከብርቄ መጀመር አለብኝ።

ብርቄ የያቭነ ሰው ነበረች፤ አጭር፣ ፈጣን፣ አምሳን ያለፈች። ከመናገሯ በፊት መዳፏን ጭኗ ላይ የመጥረግ ልማድ ነበራት፤ ቃሉን በእጇ ልትሰጥሽ የተዘጋጀች ትመስላለች። እኔ ከቂርያት ማላኪ እየተመላለስሁ በዚያ ቤት ልብስ ማጠቢያ ክፍል እሠራ ነበር። እሷ አረጋውያኑን ታጥባለች፣ ታበላለች፣ ታለብሳለች። በመጀመሪያው ሳምንቴ አንሶላ ተሸክሜ በአንድ በር ሳልፍ ድምፅዋን ሰማሁ። ዕብራይስጥ አይደለም፣ አማርኛ አይደለም፣ ትግርኛም አይደለም። ስትወጣ ጠብቄ ያዝኋት።

«እቴቴ፣ በምን ቋንቋ ነው የምታወሪያት?»

«በጃፓንኛ።»

«ተይ አትቀልጂ!»

«ምን እቀልዳለሁ? የዛሬው ሾርባ ጨው በዝቶበታል አለችኝ፤ እውነትሽን ነው አልኋት።»

ክፍሉ ውስጥ ያለችው ፉሚኮ ናት። በወጣትነቷ ለጥቂት ወር ኪቡትስ በሚሉት የጋራ እርሻ መንደር ውስጥ በፈቃደኝነት ልትሠራ ከጃፓን መጣች። ናታን ከሚባል አትክልተኛ ጋር ተዋደደች፤ አይሁዳዊት ሆነች፤ ወለደች፤ ዕድሜዋን ሁሉ በዕብራይስጥ ኖረች። እርጅና ሲመጣ መጨረሻ የገባው ቋንቋ መጀመሪያ ወጣ። አንድ ጠዋት ስትነሣ አንድም የዕብራይስጥ ቃል አልቀረላትም ይላሉ። ናታን ጃፓንኛ አያውቅም፤ ልጃቸው ሚሪም አታውቅም። እሱ በየማክሰኞው ይመጣል፤ አጠገቧ ተቀምጦ አፈርሴሞን፣ ያንን ብርቱካናማ ጣፋጭ ፍሬ፣ ልጦ ያበላታል፤ አንዷን ቁራጭ ራሱ ይበላል፤ ሳይነጋገሩ ውለው ይሄዳል።

«ዕብራይስጡ ሲጠፋባት ደነገጥሁ» አለችኝ ብርቄ አንድ ቀን። «ነገ እኔም ሳረጅ ይጠፋብኛል። ያን ጊዜ ሾርባው ጨው በዝቶበታል ስል ማን ይሰማኛል?»

በዚህ ድንጋጤ ነው የጀመረችው። ፊደሉን ከስልክ ለቀመች። ሰላምታ፣ ውኃ፣ ያምሻል ወይ፣ ዙሪ፣ ተነሺ፤ ይህን በቶሎ ያዘችው። ከዚያ በኋላ ግን ቆመች።

«መካከለኛ ላይ ደረስሁ» ትል ነበር፣ ከታመመ ሰው ጋር ስለመኖር እንደምታወራ ሁሉ። «ጀማሪ ስትሆኚ ሰው ሁሉ ያጨበጭብልሻል። ጎበዝ ስትሆኚ ያከብርሻል። መሐል ላይ ያለውን ማንም አያየውም። ኡልፓን፣ የአዲስ መጤዎች ትምህርት ቤት፣ ዕብራይስጥ ስማር እዚሁ ቦታ ላይ ነው የተውሁት። ይህን አልተወውም።»

ናታን ሰማና መጽሐፍ አመጣላት። ለተማሪ የተዘጋጁ አጫጭር የጃፓን ታሪኮች ናቸው፤ በከባባዶቹ ምልክቶች አናት ላይ ንባባቸው በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። በምሳ ሰዓት የታጠፈ አንሶላ ክምር ላይ ተቀምጣ ታነባለች፤ እኔ ፎጣ እያጠፍሁ እሰማለሁ። አንዷን ታሪክ ሳምንቱን ሙሉ ነው የምታነባት። የማታውቀው ቃል ሲመጣ መዝገበ ቃላት አትከፍትም፤ ጣቷን ታሳርፍበትና ታልፈዋለች።

«እንግዳ ነው። ስሙን ገና ከበር ላይ አልጠይቀውም። ይቀመጥ፤ ከሰው ጋር ሲጫወት ማን እንደሆነ ይታወቃል።»

እውነትም በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ያው ቃል ሌላ ቦታ ላይ ብቅ ሲል ጮክ ብላ ትስቃለች። እኔ በዚያ ጊዜ ማንም ያላስተማረኝን ግጥም እጽፍ ነበር፤ አንዱ ስንኝ ሳያልቅ ወደ ሌላው የምሮጥ ነበርሁ። አንድ ጊዜ አነበብሁላትና «ጥሩ ነው፤ ግን ማንን አስቀመጥሽበት? ሁሉም ቆሟል» አለችኝ። እስካሁን ይህን ያህል የመታኝ ሌላ ሂስ የለም።

የመጀመሪያውን ከባድ ታሪክ የጀመረችበትን ቀን አልረሳውም። አንድ መስመር አነበበችና መጽሐፉን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው።

«እግዚኦ!»

«ምን ሆንሽ?»

«ወንድሜ በክረምት ሞተ፤ ጃንጥላው ግን እኔ ቤት ቀረ፣ ይላል። መጀመሪያው ላይ! ገና ሳንቀመጥ! ሰው እንዲህ ይረዳል?»

በማግሥቱ ታሪኩን በአማርኛ ነገረችኝ። በሷ አነጋገር ወንድምየው መጀመሪያ ትንሽ አሞታል፤ ቀጥሎ ሐኪም ቤት ገብቷል፤ ቀጥሎ ጎረቤቶች ወደ እኅቱ ቤት ሲሄዱ ታይተዋል፤ ጃንጥላው ላይ የደረስነው ፎጣው ሁሉ ታጥፎ ካለቀ በኋላ ነው።

«እቴቴ፣ መጽሐፉ ላይ እንዲህ ነው?»

«መጽሐፉ አልቻለበትም» አለችኝ፣ ሳትስቅ።

ከሱኮት በዓል በኋላ በነበረው ማክሰኞ ናታን አልመጣም። ልቡ ቆሞ አደረ። ሚሪ ከሃይፋ ደውላ ለመኖሪያው ኃላፊ ለኦርና ነገረች፤ ኦርናም ሠራተኛውን ሰብስባ «ለፉሚኮ ማንም እንዳይናገር» አለች። ብርቄ በዚህ አልተገረመችም። ዘመድ እስኪሰበሰብ መደበቅ ልክ ነው፤ ራሷም «ናታን ራቅ ያለ ቦታ ሄዷል» ብላ ፉሚኮን አረጋጋቻት። ሺቫው፣ ሰባቱ የሐዘን ቀን፣ አለፈ። ሚሪ መጣች፤ ከእናቷ ጋር ተቀመጠች፤ ጉንጯን ስማ ሄደች። ምንም አልተባለም።

ብርቄ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ስትገባ ፊቷ ደም አልነበረውም።

«አልነገረቻትም» አለችኝ። «ዘመድ ከመጣ በኋላ የሚደበቅ ሞት የት አገር ነው ያለው?»

ወደ ኦርና ወጣች። ድምፃቸው እስከ ኮሪደሩ ይሰማ ነበር።

«ብርቄ፣ የኔ ቆንጆ፣ አስቢ እስኪ። ዛሬ ብትነግሪያት ነገ ትረሳለች። ነገ ስትጠይቅሽ እንደገና ልትነግሪያት ነው? በየቀኑ ባሏን ልትገድይባት ነው?»

ብርቄ ተመልሳ መጥታ ከአንሶላው ክምር አጠገብ ቆመች።

«እውነቷን ነው» አለችኝ። «እውነቷን ነው፤ ግን ሴትዮዋ በየማክሰኞው ፀጉሬን አበጥሪልኝ፣ ሊመጣ ነው ትለኛለች። እያበጠርኋት ምን ልበላት? ሰው ሐዘኑን እንኳ ይቀማል?»

«በስልክ አስተርጉመሽ ንገሪያት» አልኋት።

«ስልክ መርዶ ይናገራል? አንገቱን አይደፋ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አነባበቧ ተለወጠ። የቀድሞዋ ብርቄ አንድ ታሪክ ላይ ሳምንት የምትቀመጥ ነበረች። አሁን ገጽ በገጽ ላይ ትገለብጣለች፤ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጃፓኖች ሞትን ለሰው እንዴት ይነግራሉ? ያገኘችው ግራ አጋባት። ሰው ይሞታል፤ ቀጥሎ ዝናብ ይዘንባል። ሰው ይሞታል፤ እኅቱ ልብስ ታጥፋለች። አንዲት እናት ልጇ መሞቱን ሰምታ ምጣዱ ላይ ያለውን ዓሣ ገለበጠች።

«የት ነው የሚያለቅሱት?» አለችኝ በጭንቀት። «ከገጹ ወጥተው ነው? እኔ መግባት የምችለው በየት ነው?»

ከቀናት በኋላ መጽሐፉን እያውለበለበች መጣች። ያገኘችው ትንሽ ነገር ነው። በአንድ ታሪክ ውስጥ ባሏ የሞተባት ሴት ብቻዋን ተቀምጣ ሳለ ጎረቤቷ ሳይጠሩት ይገባል። ምንም አይናገርም። አጠገቧ ተቀምጦ ይቆያል።

«ጎረቤት ይመጣል!» አለች ብርቄ። «አየሽ? እነሱም ጋ ይመጣል። ፉሚኮ ግን ጎረቤት የላትም። እኔ አመጣላታለሁ።»

ለሚሪ የደወለችው እኔ አጠገቧ ሳለሁ ነው። ሚሪ መጀመሪያ ጮኸችባት። ጩኸቱ ሲያልቅ ከስልኩ ውስጥ ሌላ ድምፅ መጣ፤ «እናቴ በሕይወት እያለች ሺቫውን ያለ እናቴ ተቀመጥሁ» የሚል። እመጣለሁ አለች። ኦርና ደግሞ ትከሻዋን ሰበቀች።

«ቤሰደር፣ እሺ። ቤተሰቡ ከፈቀደ እኔ አልከለክልም። ሴትዮዋ አንድ ነገር ብትሆን ግን ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ። እዚህም አትሠሪም።»

በቀጠሮው ቀን ጎህ ሲቀድ የብርቄ ጎረቤቶች ከያቭነ በአንድ ሚኒባስ መጡ። እኔ በር ላይ ጠበቅኋቸው። ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። በዕድሜ የሚበልጡት እማማ የሺ ሲወርዱ እያማረሩ ነበር።

«ሟቹ የማን ልጅ ነው?»

«ናታን ይባላል፤ ፈረንጅ ነው» አለች ብርቄ።

«ሚስቱስ?»

«ጃፓን።»

«እና እነሱ አገር ሰው ሲሞት ይለቀሳል?»

«እሱን ገና አላነበብሁትም፤ ዛሬ እናያለን።»

ፉሚኮ መስኮቱ አጠገብ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ብርቄ ቀድማ አበጥራታለች። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፍተው አንድ በአንድ ገቡና በግድግዳው ዙሪያ ተቀመጡ። ሚሪ በሩ ላይ ቀረች። ብርቄ ፉሚኮ ፊት ተንበረከከች፤ መዳፏን ጭኗ ላይ ጠረገች፤ አፏን ከፈተች።

ምንም አልወጣም። ለመርዶው ያዘጋጀቻትን የጃፓንኛ ዓረፍተ ነገር ፎጣ ሳጥፍ ስትለማመዳት ስንት ጊዜ ሰምቻታለሁ፤ ዜማዋን እኔ ራሴ ይዤው ነበር። ከብርቄ አፍ ግን ጠፋች። ዓይኗ ጣሪያውን፣ ወለሉን ሲፈልግ አየሁ። ጠረጴዛው ላይ አፈርሴሞንና ቢላዋ ነበረ። አነሣችውና መላጥ ጀመረች፤ ሌላ የምታደርገው ስለጠፋት ብቻ ይመስለኛል። ልጣጩ በእጇ ላይ እየተቆራረጠ ወደቀ።

ፉሚኮ እጇን አየች። ነጠላ የለበሱትን ሴቶች አንድ በአንድ አየች። ሚሪን አየች። ከዚያ በቀጭን ድምፅ አንድ አጭር ነገር ተናገረች። የብርቄ ቢላዋ ቆመ።

«ምን አለች?» አሉ እማማ የሺ።

ብርቄ ፊቷን ወደኛ ስታዞር እንዲያ ደንግጦ ያየሁት ሰው የለም።

«ሞተ አይደል፣ አለችኝ።»

መርዶውን ልንነግር ሄደን መርዶውን ነገረችን። ከዚያ እማማ የሺ ጀመሩት፤ ሁሉም ተቀበሏቸው፤ የማያውቁትን ናታንን በስሙ እየጠሩ አለቀሱት። ኦርና ከኮሪደሩ እየሮጠች መጣችና ደፉ ላይ ቆመች። ብርቄ ፉሚኮ ጉልበት ላይ ተደፍታ ነበር፤ ፉሚኮ አናቷን ትደባብሳታለች። ለቅሶው ረገብ ሲል አሮጊቷ ማውራት ጀመረች፤ ረጅም፣ እየቆመች፣ እንደገና እየጀመረች። ብርቄ ቀና ብላ ሰማች፤ ለሚሪ በዕብራይስጥ፣ ለሴቶቹ በአማርኛ ትመልሰዋለች።

«ናታን ይህን ፍሬ አይወድም ነበር ትላለች። ብቻዋን እንዳትበላ ብሎ ነው አንድ ቁራጭ እየዋጠ የሚሄደው። እንደማይወድ ታውቅ ነበር። አውቃለሁ ብላ ነግራው አታውቅም። አንዳንዱ አምልጦኛል፤ ይህን ግን ሰምቻለሁ።»

«አባቴ?» አለች ሚሪ። «ግቢያችን ያለውን የአፈርሴሞን ዛፍ የተከለው እኮ እሱ ነው!»

ብርቄ ጠየቀቻት። ፉሚኮ ራሷን ነቀነቀች፤ መልሱ አጭር ነበር።

«ለኔ ነው የተከለው፣ ትላለች።»

ሚሪ በሩን ለቅቃ ገባችና ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

በቀጣዩ ማክሰኞ ሁላችንም ፈርተን ነበር። ኦርና በሰበብ አስባቡ በዚያ በር ታልፋለች። ፉሚኮ እንደተፈራው ጠየቀች። ብርቄ አጠገቧ ተቀምጣ ነገረቻት፤ በዚህ ጊዜ ዓረፍተ ነገሩ አልጠፋትም። ፉሚኮ ትንሽ አሰበችና «አዎ፤ ሴቶቹ መጥተው ነበር» አለች። ከዚያ ወዲህ በጠየቀች ቁጥር ወደዚያች ጠዋት ትመለሳለች እንጂ እንደ አዲስ አትወድቅም። የናታንን ሞት ረሳች፤ የመጡላትን ሰዎች ግን አልረሳችም። ይህን ኦርናም ብርቄም አስቀድመው አላወቁትም፤ ሲሆን ነው ያየነው።

እኔ ወደ ቤኤር ቱቪያ ሥራ ስቀይር ብርቄ ሁለተኛውን መጽሐፍ ጀምራ ነበር። እየደወለች አንዳንዱን ትነግረኝ ነበር፤ ማንም ሰው በመጀመሪያው መስመር ላይ ሳይሞት። አንድ ቀን ጤነኛ ሆና ከሥራ ተመለሰች፤ የቤቷ ደረጃ ላይ ተቀመጠች፤ አልተነሣችም። እንዲህ ነው የሆነው። ይኸው እኔም በአንድ ትንፋሽ ተናገርሁት፤ ሌላ አነጋገር አጣሁለት።

ያቭነ ለቅሶ ቤት ስደርስ እማማ የሺ ከፍራሹ ላይ ቀና ብለው አዩኝ።

«ያቺ ጃፓኗስ? አውቃለች?»

ፈረቃውን የያዘችው ልጅ ልብስ እያለበሰቻት፣ እያበላቻት እንደሆነ ብቻ ሰምተናል። ፉሚኮ ብርቄን በየጠዋቱ እየጠበቀች ስንት ቀን አለፋት?

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ገዴራ ነበርን። ሚሪ ከሃይፋ መጥታለች። በሩን የከፈተችልን ኦርና ናት፤ ምንም አልጠየቀችንም። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ገቡና በግድግዳው ዙሪያ ተቀመጡ። መጨረሻ የገባሁት እኔ ነኝ። ፉሚኮ ስታየን ፊቷ በራ፤ አውቃናለች። እያንዳንዳችንን እያየች ራሷን ትነቀንቃለች። ከኔ በኋላ ግን ዓይኗ በሩ ላይ ቀረ፤ የሚመጣ ሌላ ሰው አለ ብላ ጠበቀች።

በሩ ተዘጋ።

አሁንም በሩን አየች። ቀጥላ እኛን አየች። ሁለተኛ ጊዜ፣ ቀስ ብላ፣ ፊት በፊት ፈለገቻት። እማማ የሺ ተነሥተው ሄደው እጇን ያዙ። ከኛ ወገን አንድም ቃል አልተነገረም፤ የሚናገር አልነበረንም። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም።

ፉሚኮ የእማማ የሺን እጅ እንደያዘች መናገር ጀመረች። ረጅም ተናገረች። አንድ ቦታ ላይ ሳቀች፤ አንድ ቦታ ላይ ድምፅዋ ተቆረጠ፤ አንድ ጊዜ የብርቄን ስም በሷ አጠራር ሰማሁት። ሚሪ ከንፈሯን ነክሳ የእናቷን አፍ ታያለች። ማናችንም አላቋረጥናትም፤ እስክትጨርስ ማናችንም አልተነሣንም።

ምን እንዳለች የሚያውቅ የለም።